ፀጉር፣ ጋማ፣ ጎፈር፦ የሰውና የእንስሳ ፀጉር አንድ ነው ወይስ ሁለት?

ጥያቄ፦
አማርኛ የሰውንም፣ የበግንም፣ የድመትንም «ፀጉር» ይላል («ጠጉር» ብሎ የሚጽፍም አለ፤ ያው ነው)። ጋማ ለፈረስ፣ ጎፈር ለአንበሳ ተለይተው ቢሰጡም የአንድ የአካል ክፍል ስሞች ናቸው። የድመት ጀርባና የሰው ጀርባ ግን ጨርሶ አይመሳሰሉም። ቃሉ ልዩነቱን ሸፍኖት ነው ወይስ በተፈጥሮም አንድ ናቸው?

መልስ፦
አንድ ናቸው፤ አማርኛው አልተሳሳተም። ሁለቱም የሚበቅሉት ቆዳ ውስጥ ካለ ፎሊክል ከሚባል ትንሽ ከረጢት ነው፤ የተሠሩትም ኬራቲን ከሚባል ጠንካራ ፕሮቲን ነው። የጃርት እሾህ እንኳ ወፍሮ የጠነከረ ፀጉር ነው።

ልዩነቱ አበቃቀሉ ላይ ነው። የብዙ አጥቢ እንስሳት ፀጉር ድርብ ነው። ላይኛው ረዘምና ሻከር ብሎ ውሃና ፀሐይ ይመልሳል፤ ከሥሩ ያለው አጭርና ጥቅጥቅ ያለ ለስላሳ ፀጉር ደግሞ አየር ይዞ ሙቀት ይጠብቃል። የውሻን ቆዳ በማጉያ ያየ ሰው ከአንድ ቀዳዳ አንድ ወፍራምና በርካታ ስስ ፀጉሮች አብረው ሲወጡ ያገኛል። ሲ ኦተር የተባለው የባሕር እንስሳ በ1 ካሬ ሳንቲ ሜትር ከ100,000 በላይ ፀጉር ሊኖረው ይችላል፤ የሰው ራስ 200 ገደማ ነው ያለው። ሰው ያ የሥር ፀጉር የለውም።

«ሰው ገላው ፀጉር የለውም» ማለት ግን ስሕተት ነው። በሰው አካል ላይ 5 ሚሊዮን ያህል ፎሊክል አለ፤ ከዚህ ውስጥ ራስ ላይ ያለው 100,000 ገደማ ብቻ ነው። ብዛቱ ከቺምፓንዚ ብዙ አይርቅም። የቀነሰው ውፍረቱና ርዝመቱ ነው። ግንባርና ጉንጭ ላይ ያለው ስስ ፀጉር 2 ሚሊ ሜትር ያህል ቢሆን ነው፤ ቀለምም ስለሌለው በጎን ብርሃን ካላዩት አይታይም። መዳፍ፣ የእግር መርገጫና ከንፈር ግን በእርግጥም ፀጉር አያበቅሉም።

ርዝመትን የሚወስነው ፀጉሩ ለስንት ጊዜ ያድጋል የሚለው ነው። የራስ ፀጉር በወር 1 ሳንቲ ሜትር ያህል እያደገ ከ2 እስከ 6 ዓመት ይዘልቃል። ቅንድብ ግን ጥቂት ወራት አድጎ ይቆማል፤ ስለዚህ ባይቆረጥም አይረዝምም። ትእዛዙ ያለው በፎሊክሉ ውስጥ ነው፦ ከማጅራት ተወስዶ ቅንድብ ላይ የተተከለ ፀጉር እንደ ራስ ፀጉር ማደጉን ይቀጥላል፣ በየጊዜው መከርከም አለበት። ቅንድብ፣ ሽፋሽፍት፣ ሪዝ፣ ጋማ ብለን በበቀለበት ቦታ መሰየማችን ከሥነ ሕይወቱ ጋር የሚገጥመው እዚህ ላይ ነው።

ሌላ ጥያቄ፦
እሺ፣ ሰው ላይ ለምን ሳሳ?

መልስ፦
በማስረጃ የተሻለ የቆመው ምክንያት ላብ ነው። ሰው ከ2 እስከ 4 ሚሊዮን የላብ ዕጢ አለው፤ 1 ሊትር ላብ ተንኖ ሲያልቅ 2,400 ኪሎ ጁል ያህል ሙቀት ይዞ ይሄዳል። ጥቅጥቅ ያለ ፀጉር ቢኖር ላቡ የሚተነው ከፀጉሩ ላይ ስለሚሆን ቆዳው እንደሚገባው አይቀዘቅዝም። ውሻ ላቡ እምብዛም ስለማያበርደው ነው ምላሱን አውጥቶ የሚያለከልከው።

ራስ ላይ ለምን ቀረ ለሚለው፦ ቆሞ የሚሄድ ፍጥረት የቀትር ፀሐይ የምታገኘው አናቱን ነው። በ2023 እ.ኤ.አ. የሚሞቅ የሰው አምሳያ ላይ የተለያዩ ዊጎች ተደርገው በተሠራ ሙከራ፣ ከርዳዳው ፀጉር ከሉጫው የተሻለ የፀሐይን ሙቀት ከልክሏል።

ልብስ በመልበሳችን ነው ፀጉራችን የጠፋው የሚሉም አሉ፤ ቅደም ተከተሉ ግን የተገላቢጦሽ ነው። የቆዳ ቀለምን ከሚመሩት ጂኖች በአንዱ ላይ የተሠራ ስሌት፣ ፀጉሩ ሳስቶ የተጋለጠው ቆዳ ቢያንስ ከ1.2 ሚሊዮን ዓመት በፊት ጠቁሮ እንደነበር ያመለክታል። የልብስ ቅማል ከራስ ቅማል የተለየው ደግሞ በጂን ስሌት ከ83,000 እስከ 170,000 ዓመት በፊት ባለው ጊዜ ነው። ልብስ የመጣው በጣም ዘግይቶ ነው ማለት ነው። ውሃ ውስጥ ስለኖርን ነው የሚለው የ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ሐሳብም አያስኬድም፤ ሲ ኦተር ውሃ ውስጥ እየኖረ ነው ያን ሁሉ ፀጉር የያዘው።

ስለ ፈሊጡ፦
«ፀጉሬ ቆመ» ቃል በቃል እውነት ነው። ከፎሊክሉ ጋር የተያያዘች ትንሽ ጡንቻ በብርድ ወይም በድንጋጤ ስትኮማተር ፀጉሩን ታቆመዋለች። የድመት ፀጉር ሲቆም አየር ይይዛል፣ ድመቷንም አግዝፎ ያሳያል። የሰው ፀጉር ስስ ስለሆነ የሚታየው የቆዳው ችፍ ችፍ ማለት ብቻ ነው። «ሰውነቴን ውርር አደረገኝ» የምንለውም ያንኑ ስሜት ነው።

ስለ መርገፍ አንድ ጭማሪ፦
ብዙ እንስሳት የቀኑ ርዝማኔ ሲለወጥ ፀጉራቸውን ባንድ ላይ ይጥላሉ። ሰው ላይ እያንዳንዱ ፎሊክል በየራሱ ጊዜ ስለሚሠራ በቀን ከ50 እስከ 100 ፀጉር መርገፉ ጤነኛ ነው። ከባድ ትኩሳት ወይም ወሊድ ብዙ ፎሊክሎችን ባንዴ ወደ ዕረፍት ሲያስገባ ከ2 እስከ 3 ወር ቆይቶ ፀጉር በብዛት ይረግፋል፤ ምክንያቱ ያኔ ያለፈ ስለሚሆን ሰው አያያይዘውም። በአብዛኛው መልሶ ይበቅላል።

ድርብ ፀጉር ያለውን ውሻ በሙቀት ጊዜ ሙልጭ አድርጎ መላጨትም ጉዳት አለው። ፀሐይ የሚመልሰው የላይኛው ፀጉር ስለሚጠፋ ቆዳው ሊቃጠል ይችላል፤ ሲበቅልም የሥሩ ፀጉር ቀድሞ የላይኛው ሊዘገይ፣ አንዳንዴም እንደ ቀድሞው ሳይመለስ ሊቀር ይችላል። የረገፈውን የሥር ፀጉር በማበጠሪያ ማውጣት በቂ ነው።