ክርክር፦ ሌክቸሩ መሃል አማርኛ ሲገባ ማን ይገባል፣ ማን ይወጣል?

አወያይ፦ የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ከሁለተኛ ደረጃ ጀምሮ ማስተማሪያው እንግሊዝኛ እንዲሆን ወስኖ ነበር። ዩኒቨርሲቲ ክፍል ውስጥ ያለውን ግን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ስላይዱ እንግሊዝኛ፣ ማብራሪያው አማርኛ (እንደ ግቢው ኦሮምኛም ትግርኛም ይሆናል)፣ ፈተናው ተመልሶ እንግሊዝኛ። ትምህርቱ እንዲጥምና ማንም ወደ ኋላ እንዳይቀር ቋንቋ መቀላቀል ይበጃል ወይስ ይጎዳል? በብዕር ስማችሁ፣ የራሳችሁን ገጠመኝ ትታችሁ አሠራሩን ተከራከሩበት።

ጠመኔ (ሒሳብ)፦ ይበጃል። አንድ የፍሬሽ ጥያቄ ልውሰድ፦ ሦስት የአንድ ብር ሳንቲም ቢወረወር «አት ሊስት» ሁለት አንበሳ የመውጣቱ ዕድል ስንት ነው? ሊወጡ የሚችሉት ስምንት ዓይነት ናቸው። ልክ ሁለት አንበሳ ያለባቸው ሦስት፣ ሦስቱም አንበሳ የሆኑበት አንድ፤ መልሱ 4/8። ብዙ ወረቀት ላይ የሚገኘው ግን 3/8 ነው። ስምንቱ ተዘርዝረዋል፣ ቆጠራው ትክክል ነው፤ «አት ሊስት» ብቻ ተዘላለች። እዚህ ላይ ቀመሩን በእንግሊዝኛ ሦስቴ ቢደጋግሙት ምን ይፈይዳል? «ቢያንስ» ማለት ግን አንድ ሰከንድ አይፈጅም።

ሦስተኛ ረድፍ (የቋንቋ ትምህርት)፦ መምህር፣ «ቢያንስ» የሚለው ቃል ለማን ነው የሚጠቅመው? ምደባው ከመላው አገር ነው። 60 ተማሪ ካለበት ሴክሽን ከጅግጅጋ፣ ከሰመራ የመጡ ይኖራሉ። ክፍሉ በአማርኛ ቀልድ ሲስቅ የማይስቁትን ይቁጠሩ። ቀልዱ ይቅር፤ መምህሩ ወደ አማርኛ የሚዞረው መቼ ነው? ነገሩ ሲከብድ። ስለዚህ እነዚያ ልጆች ቀላሉን ክፍል ይሰማሉ፣ ከባዱ ያልፋቸዋል። በጓደኛ ኖት ላይ ተንጠልጥለው ሴሚስተሩን ይጨርሳሉ፤ መምህሩ ደግሞ «ዛሬ ክፍሉ በደንብ ገብቶታል» ብሎ ይወጣል።

ሃምሳ ደቂቃ (ፊዚክስ)፦ እኔ እንኳ ከፈተናው በኩል ነው የማየው። ከ2015 ጀምሮ የመውጫ ፈተና አለ፤ ማለፊያው 50%፣ ቋንቋው እንግሊዝኛ። ሦስትና አራት ዓመት በአማርኛ የሰማውን ልጅ «ኦል ኤክሴፕት» (ከአንዱ በቀር ሁሉም) የሚል ጥያቄ ፊት ስናስቀምጠው ፊዚክሱን እያወቀ ይወድቃል። ማዘን ማለት አማርኛ ማውራት አይደለም።

ጠመኔ፦ ጅግጅጋ የተባለችው ገብታኛለች፤ ትክክል ናት። ታዲያ ከሰሌዳው ዳር አንድ ክንድ የሚያህል ቦታ ይከለል። በአንድ ክፍለ ጊዜ ከአምስት ያልበለጡ ቃላት፤ ከዚያ በላይ ከሆነ መዝገበ ቃላት ይሆናል። እንግሊዝኛውን መምህሩ ይጽፋል፣ ፍቺውን ተማሪዎቹ ራሳቸው ወጥተው፦ ቢያንስ፣ ዮ ጢቃቴ፣ እንተወሓደ፣ ኡጉ ያራን። (እዚህ በፊደል ጻፍኩት እንጂ ኦሮምኛውና ሶማሊኛው ሰሌዳ ላይ በላቲን ነው የሚጻፉት።) ማብራሪያው ግን በእንግሊዝኛ ይቀጥል።

ፊት ለፊት (አካቶ ትምህርት)፦ የተረሱ ተማሪዎች አሉ። መስማት የተሳነው ተማሪ አስተርጓሚውን ነው የሚከተለው። የኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋ የጣት ፊደል በራሳችን ፊደል ላይ የቆመ ነው፦ ፊደሉ በእጅ ቅርጽ፣ ካዕቡ ሳልሱ በእንቅስቃሴ ይለያል። ምልክት ያልተበጀለት የእንግሊዝኛ ቃል ሲመጣ አስተርጓሚው ወደ እንግሊዝኛው የጣት ፊደል መሻገር አለበት። መምህሩ በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሁለቴ ቋንቋ ሲቀይር አስተርጓሚው ይቀራል፤ ተማሪው ሲቀር ደግሞ ማንም አያይም። መፍትሔው ርካሽ ነው፦ ቃላቱን ከአንድ ቀን በፊት ለአስተርጓሚው መስጠት፣ ዓረፍተ ነገር ሳይጨርሱ ቋንቋ አለመቀየር፣ ወደ ሰሌዳ ዞሮ እየጻፉ አለማውራት።

ማየት ለተሳነው ደግሞ «ይሄንን ወደዚህ አምጥተን ከዚህኛው ስንቀንስ» በየትኛውም ቋንቋ ቢባል ባዶ ነው። «ኤክስን ወደ ግራ ወስደን» ይባል። ሃንድአውቱም በስልክ ፎቶ ተነሥቶ ፒዲኤፍ ከተደረገ ስክሪን ሪደር አያነበውም። የተተየበውን ዋናውን ፋይል መላክ ነው።

ሃምሳ ደቂቃ፦ ይሄ ሁሉ በ50 ደቂቃ? አምስቱ ቦታ ፍለጋ፣ አምስቱ ፕሮጀክተር ማስነሣት ነው።

ሦስተኛ ረድፍ፦ ደቂቃው የሚባክነው ስላይድ በማንበብ ነው። በምትኩ የሃርቫርዱ የፊዚክስ መምህር ኤሪክ ማዙር በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ያስፋፋውን አሠራር ይውሰዱ። አንድ የምርጫ ጥያቄ በእንግሊዝኛ ይጻፋል፣ በዝግታ ሁለቴ ይነበባል። ሁለት ደቂቃ ዝም ብሎ ለየብቻ ማሰብ። ከዚያ መልሱን በጣት ማሳየት፤ አንድ ጣት ሀ፣ ሁለት ጣት ለ እያሉ። ጣቱ ደረት ላይ ይሁን፣ ወደ ላይ አይነሣ፤ ከተነሣ ሁሉም የቀለሜውን እጅ አይቶ ይቀዳል። ትክክል የመለሱት ከ30% በታች ከሆኑ ጥያቄው ገና አልገባምና እንደገና ማስረዳት። ከ70% በላይ ከሆኑ አጭር ማብራሪያ ሰጥቶ ማለፍ። በመሃል ከሆኑ ሦስት ደቂቃ ከጎረቤት ጋር ይከራከሩ፤ በፈለጉት ቋንቋ። ድጋሚ ጣት፣ ከዚያ አንዱ ተማሪ በእንግሊዝኛ ያስረዳል። ቋንቋ መቀላቀል ካለበት ቦታው እነዚያ ሦስት ደቂቃዎች ናቸው፣ የመምህሩ አፍ አይደለም።

ሃምሳ ደቂቃ፦ በ«አንድ ለአምስት» የተማሪዎች ቡድን ጊዜም እንዲሁ ነበር የሚባለው። አንዱ ይሠራል፣ አምስቱ ስማቸውን ያስጽፋሉ።

ሦስተኛ ረድፍ፦ የወደቀው ቡድኑ ቋሚ፣ መሪው ቋሚ፣ ማርኩም የጋራ ስለሆነ ነው። እዚህ ቡድኑ ሁለት ሰው ነው፣ ሦስት ደቂቃ ኖሮ ይፈርሳል፣ ማርክም የለበትም። የሚያስረዳውን መምህሩ በዕጣ ይጥራ፤ ከጠራ በኋላ አምስት ሰከንድ ይታገስ። አብዛኛው መምህር አንድ ሰከንድ ሳይሞላ ራሱ ይመልሰዋል። ሌላ የሚበላሽበት ቦታ አለ፦ ልጆች የሚቀመጡት በቋንቋ ነው። ከጎን ሳይሆን ከኋላ ካለው ጋር ያጣምሯቸው፤ ብቻውን የሚቀረው ያኔ ይቀንሳል። ግን አይጠፋም፤ የጋራ ቋንቋ የሌላቸው ሁለት ልጆች ከገጠሙ በተሰበረ እንግሊዝኛ ይከራከራሉ፤ እሱም ልምምድ ነው።

ጠመኔ፦ «በተሰበረ እንግሊዝኛ ይከራከራሉ» ትላለህ እንጂ ዝም ብለው ነው የሚተያዩት። ለእነሱ ሦስተኛ ሰው መጨመር ነው።

ሃምሳ ደቂቃ፦ በክፍለ ጊዜ ሁለት ጥያቄ፣ እያንዳንዱ ስምንት ደቂቃ ከሆነ እቀበላለሁ። ሦስተኛ ጥያቄ ከተጨመረ ኮርስ አውትላይኑን ይበላዋል። ላብ ላይ ግን አልከራከርም፤ አሲድና 220 ቮልት ለቋንቋ ፖሊሲ አይጠብቁም፣ ሁሉም እስኪሰማ በሚገኘው ቋንቋ ይነገር።

ፊት ለፊት፦ ላብ ላይ የደወል ማስጠንቀቂያ ብቻ ካለ ያልሰማም አለ፤ መብራት ይጨመርበት።

አወያይ፦ የሚድ (የሴሚስተር አጋማሽ ፈተና) ጥያቄዎቹስ? እንግሊዝኛቸው ይቅለል የሚል አለ?

ሃምሳ ደቂቃ፦ እኔ የለሁበትም። መውጫው አይቀልላቸውም።

ጠመኔ፦ ሁለት ዓይነት ቃል አለ። «አት ሊስት» ሒሳቡ ራሱ ነውና አይነካም። «አንድ ነጋዴ ከሩቅ አገር ያስመጣውን ዕቃ» እያለ አራት መስመር የሚሄደው ግን ምንም አይለካም፤ ይሰረዝ። «ኖት» (አይደለም የምትለዋ) ካለች ከሥሯ ይሰመር። ሦስቱ ሳንቲም እንዳሉ ይቅረቡ፤ 3/8 የጻፉት ስንት እንደሆኑ ተቆጥሮ በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ ከሰሌዳው ዳር የምትጻፈው የመጀመሪያዋ ቃል እሷ ትሁን።