የቤተ መንግሥቱ ጋለሪ «የድንጋይ ልብስ» ነው?

ዓምደኛው፦ ትናንት እዚሁ አንዱ የለንደኑን የባኪንግሃም ቤተ መንግሥት ጋለሪ «የድንጋይ ልብስ የለበሰ ሣጥን» ብሎት ዞር አለ። ሰምቼ ማለፍ አልቻልኩም። ጆን ሲምፕሰን የነደፈው፣ እ.ኤ.አ. በ2002 የተከፈተው ማስፋፊያ መግቢያው ላይ የዶሪክ (ጌጥ ያልበዛበት የጥንት ግሪክ ስልት) ዓምዶች የቆሙት ቤቱ የሚናገረው ቋንቋ እሱ ስለሆነ ነው። ቦታው ላይ መጀመሪያ የአርክቴክቱ ጆን ናሽ የተክል ማቆያ ቤት ነበር፤ ያውም የአዮኒክ (የዓምዱ ራስ የተጠቀለለ ሌላው የግሪክ ስልት) ቤተ መቅደስ ቅርጽ ያለው። በ1843 ጸሎት ቤት ሆነ፣ በ1940 የጀርመን ቦምብ መታው፣ በ1962 ጋለሪ ሆኖ ተከፈተ። ልብሱ የቱ ነው?

መስመር ጠባቂ፦ ያልኩት እኔ ነኝ፤ አልመልሰውም። ዓምድ ሸክም ስለሚሸከም ነው ዓምድ የተባለው። የዛሬ ሕንፃ አብዛኛውን ጊዜ ሸክሙን የሚጥለው ብረትና ኮንክሪት ላይ ነው፤ ድንጋዩ በማይዝግ ብረት መቆንጠጫ የተንጠለጠለ ቅርፊት ነው። የ1964ቱ የቬኒስ ቻርተር፣ ማለትም ስለ ቅርስ ሕንፃ አጠባበቅ የወጣው ዓለም አቀፍ ሰነድ፣ አንቀጽ 9ም የሚጨመር ሥራ የዘመኑን አሻራ ይያዝ ይላል። ዛሬ የተሠራውን ከጥንቱ ጋር አመሳስሎ ማቅረብ ተመልካቹን መዋሸት ነው።

ዓምደኛው፦ አንቀጽ 9ን ሙሉውን አንብበው። የሚናገረው ስለ እድሳት ነው፤ ግምት ሲጀመር አቁሙ ይላል። ስለ ጭማሪ የሚናገረው አንቀጽ 13 ነው፦ ጭማሪው የሕንፃውን ዋና ዋና ክፍሎች፣ የቅንብሩን ሚዛንና ከአካባቢው ጋር ያለውን ግንኙነት እንዳይጎዳ። ስልት አልመረጠልህም።

ኖራና አሸዋ፦ «ልብስ» ካላችሁ፣ ዓለም በፎቶ የሚያውቀው የቤተ መንግሥቱ ምሥራቃዊ ፊት ራሱ ልብስ ነው። አርክቴክቱ ብሎር የሠራበት የፈረንሳይ ካን ድንጋይ ለስላሳ ስለነበር የለንደን የከሰል ጭስ በላው። ሌላው አርክቴክት አስተን ዌብ በ1913 በፖርትላንድ ድንጋይ አለበሰው። ድንጋዩን ለማዘጋጀት አንድ ዓመት ፈጀ፤ ለመትከል ግን 13 ሳምንት ብቻ። ያንን ውሸት የሚል ሰው እስካሁን አላየሁም።

መስመር ጠባቂ፦ ጋሼ፣ አክባሪዎ ነኝ፤ ግን የዌብ ሥራ ጥገና ነው። ያረጀ ፊት ቀየረ እንጂ አዲስ ክፍል አልጨመረም። ሁለቱን አንድ አያድርጉብኝ።

ብርሃን ለካ፦ ስለ ፊቱ ብቻ ነው የምታወሩት። ጋለሪ ማለት ውስጡ ነው። የወረቀት ሥዕልና የውሃ ቀለም ከ50 ሉክስ (የብርሃን መለኪያ) በላይ አይችልም፤ የዘይት ቀለም እስከ 200 ይታገሣል። የጎን መስኮት ሥዕል የሚሰቀልበትን ግድግዳ ይበላል፣ ቫርኒሹም ላይ ያንጸባርቃል። ስለዚህ ብርሃኑ ከጣሪያ ይምጣ፤ ከመስታወቱ ሥር የአልትራቫዮሌት ማጣሪያና የሚዘጋ መጋረጃ ይኑር። የክላሲካል ፕላን እዚህ ላይ ይረዳል፦ ግድግዳው ወፍራም ስለሆነ ዳክቱን (የአየር ማስተላለፊያ ቱቦውን) ውስጡ መቅበር ይቻላል። መታሰብ ያለበት ግን ገና ስኬች ላይ ነው። ዳክቱ ዘግይቶ የመጣ እንደሆነ ኮርኒሱን ያወርደዋል፣ የክፍሉም ምጣኔ ያኔ ይበላሻል።

መስመር ጠባቂ፦ ይኸው! ዳክት የተደበቀበት ወፍራም ግድግዳ። ልብስ ያልኩት ይህንኑ ነው።

ብርሃን ለካ፦ ቃሏን አትልቀቃት እንጂ ሥራው አላለቀም። ውስጡ 20 ዲግሪ፣ እርጥበቱ 50 በመቶ ከሆነ፣ ወደ 9 ዲግሪ የወረደ ማንኛውም ገጽ ይወረዛል። የውጭው ወጣ ያለ ድንጋይ የሙቀት መከላከያውን ሰንጥቆ እስከ ውስጥ ከዘለቀ፣ በብርድ ወራት በትክክል እዚያ መስመር ላይ ልስኑ ይጠቁራል፤ ከሥዕሉ ጀርባ ሻጋታ ይጀምራል። ለኔ ከዓምዱ ስልት ይህ ይበልጣል።

ዓምደኛው፦ ለኔ አይበልጥም። ልብስ ቢሆን ጥጉ ባላስቸገረ ነበር። ትሪግሊፉ (ከዓምዶቹ በላይ ያለው ቁም መስመር የተቀረጸበት ድንጋይ) በየዓምዱ መሐል ለመሐል ይውላል፣ ጥግ ላይ ግን የግሪክ ሕግ ጫፉ ድረስ ይውጣ ይላል። አርክትሬቩ (ዓምዶቹ ላይ የሚጋደመው ድንጋይ) ውፍረቱ 900 ሚሊሜትር፣ የትሪግሊፉ ስፋት 500 ቢሆን፣ የጥጉ ትሪግሊፍ ከዓምዱ መሐል 200 ሚሊሜትር ይወጣል። ስለዚህ የጥጉን ዓምድ ወደ ውስጥ ትስባለህ፤ የበሩ መስመር፣ የወለሉ ንጣፍ፣ መሠረቱ ሁሉ ይከተለዋል። ይህ ከመሠረት ጀምሮ የሚወሰን እንጂ ኋላ የሚለበስ ነገር አይደለም።

መስመር ጠባቂ፦ የጥንቱ የሮማ አርክቴክት ቪትሩቪየስ ጥጉ ላይ ግማሽ ሜቶፕ (በትሪግሊፎች መካከል ያለው ገበታ) አስቀምጦ ጨርሶታል። ዓምዱ ከቦታው አይነቃነቅም።

ዓምደኛው፦ ያ የሮማ መፍትሔ ነው። ጥጉን ባዶ ያደርገዋል፤ ዓይን ጠንካራ ነገር በሚፈልግበት ቦታ ክፍተት ይተዋል። የግሪክ ዶሪክ ላይ አታምጣው!

ኖራና አሸዋ፦ ልጆች፣ መገጣጠሚያውን ረሳችሁት። አሮጌው ግድግዳ ስምጠቱን ከጨረሰ ቆይቷል፤ አዲሱ ገና ሊሰምጥ ነው። አጥብቃችሁ ካሰራችኋቸው በመጀመሪያዎቹ ዓመታት መገጣጠሚያው አጠገብ ሰያፍ ስንጥቅ ይወጣል። ከመሠረት እስከ ጣሪያ ከ20 እስከ 25 ሚሊሜትር ክፍተት ተዉ፤ መሸፈኛውን በአንድ ጎን ብቻ እሰሩት። አሮጌውን ድንጋይ ሲሚንቶ አታስነኩት፣ በኖራ ገንቡ። ሲሚንቶ እርጥበቱን ድንጋዩ ውስጥ ያፍነዋል፤ ከዚያ ጨው እየገፋ ፊቱን ያረግፈዋል።

መስመር ጠባቂ፦ ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። እንግዲህ ሁለቱ ሕንፃዎች የተለያዩ መሆናቸውን ክፍተቱ ራሱ መሰከረ። ታዲያ መሸፈኛ ለምን? ለምን በግልጽ አይታይም?

ኖራና አሸዋ፦ ዝናብ ስለሚገባበት ነዋ፣ ልጄ።

ዓምደኛው፦ መስመር ጠባቂ፣ የጥጉን ጥያቄ አልመለስክም። ግማሽ ሜቶፕ ወይስ የተሳበ ዓምድ?