ለማጣሪያ ያዘጋጀሁት ባዮቻር ውሃውን ቢጫ እያደረገ አስቸግሮኛል

ከበቆሎ ቆረቆንዳ ባዮቻር (በቂ አየር በሌለበት የሚከስል የእጽዋት ከሰል) የማዘጋጀው አሲዳማ አፈርን ለማከምና የጨርቅ ማቅለሚያ ፍሳሽን ለማጣራት ነው። ለአፈሩ የሚሆነው አላስቸገረኝም። ለማጣሪያ የታሰበው ግን፣ በ400 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲከስል፣ ንጹህ ውሃ ውስጥ ስነክረው እንኳ ውሃውን ወደ ቢጫነት ይለውጠዋል፤ በጣት ሲታሽም የሬንጅ ሽታ ይተዋል። ሙቀቱን ወደ 700 ከፍ ሳደርገው ሽታው ይጠፋል፤ ነገር ግን የሚተርፈው ከሰል በእጅጉ ይቀንሳል፣ አመዱም የውሃውን ፒኤች ይጨምረዋል፣ ማለትም አሲድነቱን ይቀንሳል (ይህ ለአፈር ሲሳይ፣ ለማጣሪያ ግን ጣጣ ነው)። በእንፋሎት እንዳላነቃው (ጥቃቅን ቀዳዳዎቹን እንዳላበዛ) ምድጃዬ ከ800 ዲግሪ በላይ አይችልም። በሥራው ያለፋችሁ ባለሙያዎች፣ ጭሱ ከሰሉ ላይ ሳይቀዘቅዝ ቶሎ እንዲወጣ ማድረግ ይሻላል ወይስ በ700 የከሰለውን በቀላል አሲድ ማጠብ? ቀለም የመያዝ አቅሙንስ ለመለካት የሜቲሊን ብሉ ሙከራ (ከሰሉ ይህን ሰማያዊ ማቅለሚያ ምን ያህል እንደሚይዝ የሚለካው) ብቻ ይበቃኛል?