ለወደቁት የአብራሪነት ኮርስ ጓዶች መታሰቢያ፦ ጎንደር ላይ የት፣ በምን፣ የማን ስም?

የክርክሩ ጥያቄ፦ ከአንድ የአየር ኃይል አብራሪዎች ኮርስ በሕይወት ያሉት፣ በሥልጠናና በጦርነት ለወደቁት ጓዶቻቸው መታሰቢያ ለማቆም አስበዋል። ከወደቁት የጎንደር ልጆች ስላሉበት ሦስት ቦታ ቀርቧል፤ ፒያሳ ከዐፄ ቴዎድሮስ ሐውልት አጠገብ፣ አዘዞ አውሮፕላን ማረፊያ መግቢያ፣ ወይም ቢሾፍቱ ሐረር ሜዳ ጦር ሰፈር ውስጥ። ከድንጋይ ይልቅ አሮጌ ጄት ይቁም የሚልም አለ። ምክንያታችሁን አስቀምጡ። ተናጋሪዎቹ በመጡበት ሰፈር ወይም ከተማ ተጠርተዋል።

ከአራዳ፦
ፒያሳ ይሁን። መታሰቢያ ሰው ካላየው ምን ይሠራል? ከደባርቅ የወረደ፣ ከባሕር ዳር የመጣ፣ ለጥምቀት የገባ እንግዳ ሁሉ ፒያሳን ሳይረግጥ አይመለስም። ሐረር ሜዳ ቢቆም የሚያየው ወታደሩ ብቻ ነው። ለጎንደር ቤተሰብ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ መንገድ ነው፤ ደርሶም ያለ ፈቃድ ወረቀት በሩን አያልፍም። እናት የልጇን ስም ለማየት ደብዳቤ ማጻፍ የለባትም።

ከቁስቋም፦
ስለ ቤተሰቡ ያሉት ልክ ነው፤ ፒያሳ ግን አይሆንም። ፋሲል ግቢ ከ1972 ዓ.ም. ጀምሮ በዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ነው፤ ፒያሳም ከቅጥሩ ጥግ ያለ ሰፈር ነው። በ1992 ዓ.ም. በወጣው የቅርስ አዋጅ ቁጥር 209 መሠረት በተከለለ የቅርስ ሥፍራ ቁፋሮም ሆነ ግንባታ የሚካሄደው የቅርስ ባለሥልጣን በጽሑፍ ሲፈቅድ ነው። ማዘጋጃ ቤት ብቻውን የሚሰጠው ቦታ በኋላ ጣጣ ያመጣል፤ የቆመ መታሰቢያ ማንሳት ደግሞ ካለማቆም የከፋ ነው።

ሲሚንቶውም ሌላ ችግር ነው። በጣሊያን ጊዜ ግንቦቹ በሲሚንቶና በኮንክሪት ተጠግነው ነበር። ሲሚንቶ እርጥበት አያስወጣም፤ ውሃው በድንጋዩ በኩል መውጫ ይፈልግና ጨው ይዞ ብቅ ሲል ለስላሳውን ድንጋይ ይልጠዋል። በኋላ የተደረገው ጥገና ወደ ኖራ የተመለሰው ለዚህ ነው። ከዚያ ግንብ አጠገብ አዲስ የኮንክሪት መሠረት ማፍሰስ ያንኑ ስሕተት መድገም ነው።

ከአዘዞ፦
እኔ አዘዞ ይሁን እላለሁ፤ ሁለት ነገር ከተጠበቀ።

መጀመሪያ አፈሩ። የአዘዞ ሜዳ መረሬ፣ ጥቁር ጭቃ አፈር ነው፤ ክረምት ሲጠጣ ያብጣል፣ በጋ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። በ50 ሳንቲ ሜትር ቁፋሮ ላይ የቆመ ድንጋይ በሁለት ክረምት ያዘነብላል። ጥቁሩ አፈር እስኪያልቅ መቆፈር ነው፤ ብዙ ጊዜ ከ1 ሜትር ከ20 እስከ 1 ሜትር ተኩል ይወርዳል። ከዚያ ገረጋንቲ በ20 ሳንቲ ሜትር ንብብር እያጠጡ መጠቅጠቅ፤ በአንዴ ሞልቶ ከላይ ብቻ መደቆስ አይረባም፣ ሥሩ ባዶ ይቀራል። በላዩ 25 ሳንቲ ሜትር ኮንክሪት፣ አንድ ሲሚንቶ በሁለት አሸዋ በሦስት ጠጠር፣ ባለ 12 ሚሊ ሜትር ፌሮ በየ20 ሳንቲ ሜትሩ በሁለት አቅጣጫ ከታችም ከላይም። በእርጥብ ጆንያ ሸፍኖ ቢያንስ 7 ቀን ውሃ ማጠጣት፣ ድንጋዩን የሚያቆሙት ግን ከ28 ቀን በኋላ። ዙሪያውን 1 ሜትር ስፋት ያለው ንጣፍ ወደ ውጭ በ2 ሳንቲ ሜትር ያዘንብል፤ ውሃው ከመሠረቱ ይራቅ። ሥራው ከኅዳር እስከ ሚያዝያ ይለቅ። ለምረቃ ለማድረስ ተብሎ በሐምሌ የፈሰሰ ኮንክሪት ለማንም አይበጅም።

ሁለተኛው ከፍታው ነው። አውሮፕላን ማረፊያ አጠገብ እንዳሻችሁ ማቆም አይቻልም። በዓለም አቀፉ ሕግ ትልልቅ አውሮፕላን ከሚያስተናግድ ማኮብኮቢያ ግራና ቀኝ ባዶ እንዲሆን ከተጠበቀው የመሬት ሰቅ ዳር ጀምሮ የሚፈቀደው ከፍታ በየ7 ሜትሩ 1 ሜትር ነው። ከሰቁ ዳር 35 ሜትር ርቆ የቆመ ነገር ከ5 ሜትር መብለጥ የለበትም ማለት ነው። ሐውልቱ ላይ ወደ ላይ የሚተኮስ መብራትም አይታሰብ፤ ለማረፍ የሚወርድ አብራሪን ዓይን ይወጋል። ስለዚህ ቦታው ሳይመረጥ ሳይት ፕላኑ ለሲቪል አቪዬሽን ይቅረብ።

ከአራዳ፦
ከፍታው 5 ሜትር ከሆነ ጄቱ ቀረ ማለት ነው?

ከቢሾፍቱ፦
የከፍታው ገደብ ባይኖርም ጄቱ እንዲቀር እመክራለሁ። በጎማው ላይ ቆሞ የሚታይ ጄት ትንሽ ሥራ ይመስላል፤ አይደለም። አብራሪውን አስፈንጥሮ የሚያወጣው ወንበር ባሩድ ያለበት ካርትሪጅ አለው። ያ በባለሙያ ሳይወጣ ልጆች የሚወጡበት ቦታ ላይ ማቆም ወንጀል ነው። ነዳጁና የሃይድሮሊክ ዘይቱ መንጠፍ፣ የኦክስጅን ጠርሙሱና ባትሪው መነሳት አለባቸው። በድሮዎቹ ላይ በጨለማ እንዲያበሩ ጨረር አመንጪ ራዲየም የተቀቡ መለኪያዎች አሉ፤ እነሱም ይወጣሉ። አየር መሳቢያውና ጭስ ማውጫው በወንፊት ይዘጉ፣ ካልሆነ በአንድ ዓመት የወፍ ጎጆ ይሆናሉ። ከሆዱ ሥር ውሃ ማንጠፊያ ቀዳዳ ካልተተወ ክረምቱ ውስጡን ይበላዋል። ጎማው ፀሐይ ላይ ስለሚበሰብስ ክብደቱ በብረት ድጋፍ ላይ ይሁን፤ የሥልጠና ጄቱ ኤል 39 ባዶውን እንኳ ሦስት ቶን ተኩል ገደማ ነው። ቀለሙም በየጥቂት ዓመቱ ይታደሳል። ይህን ሁሉ ማን ይሠራዋል?

ከዚህም በላይ የሚከብደኝ ነገር አለ። ኤፍ 5 ወይም ሚግ የጦር ጄት ብታቆሙ መታሰቢያው የጦርነት ብቻ ይመስላል፤ በሥልጠና የወደቁት ይረሳሉ። ሐረር ሜዳ ከባሕር ወለል በላይ 1,900 ሜትር ገደማ ነው፤ አየሩ ስስ ነው። የፍጥነት መለኪያው 100 ኖት (የአውሮፕላን ፍጥነት መስፈሪያ) ሲል እውነተኛው ፍጥነት ከ110 ይበልጣል፤ የመዞሪያው ስፋትም ከአምስት አንድ እጅ ያህል ይጨምራል። ለማረፍ በመጨረሻው ጥምዝ ላይ ያለ ሠልጣኝ የማኮብኮቢያው መስመር ሲያልፍበት ይበልጥ አዘንብሎ ለመመለስ ይሞክራል፤ ክንፉ ተሸካሚ አየር ሲያጣ ደግሞ ከመሬት ርቀቱ ጥቂት መቶ ሜትር ነው፣ ማስተካከያ ቦታ የለም። ይህን እያወቀ በማግስቱ እንደገና የሚነሣ ወጣት ወታደራዊ ግዳጅ ላይ ነበር። ስሙ በኦጋዴን ሰማይ ከወደቀው እኩል መጻፍ አለበት፣ በዚያው ፊደል፣ በዚያው መጠን።

ከአዘዞ፦
እስማማለሁ። ዴይተን፣ ኦሃዮ፣ በአሜሪካ አየር ኃይል ሙዚየም ግቢ ያለው የመታሰቢያ ፓርክም አብዛኛው ድንጋይ፣ አግዳሚ ወንበርና ዛፍ ነው።

የድንጋዩ ነገር እንዲህ ይሁን። የጎንደር ጥቁር ድንጋይ ለመሠረትና ለወንበር ግሩም ነው፤ ለጽሑፍ ግን ፊቱ ላይ ያሉት ትንንሽ ቀዳዳዎች ፊደሉን ይሰብራሉ። እምነ በረድ ለመጥረብ ቀላል ነው፣ ዝናብ ግን ቀስ በቀስ ያሟሟዋል። የነሐስ ሰሌዳ ለቁራሌው ይሄዳል። ጥቁር ግራናይት ይሻላል። 1 ሜትር ከ80 ቁመት፣ 90 ሳንቲ ሜትር ስፋት፣ 12 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ከ520 ኪሎ በላይ ይመዝናል፤ በክሬን ወይም በፓራንኮ (በሰንሰለት ማንሻ) እንጂ በሰው ጉልበት አይቆምም። ከመሠረቱ ጋር የሚያያዘው ባለ 16 ሚሊ ሜትር የማይዝግ ብረት ይሁን። ተራ ፌሮ ሲዝግ ያብጥና ድንጋዩን ከውስጥ ይሰነጥቀዋል፤ ያኔ የሚሰበረው ስሙ ያለበት ነው።

ፊደሉ ከ30 ሚሊ ሜትር እንዳያንስ። የእኛ ፊደል ሉ እና ሊ የሚለዩት በትንሽ ቅጥያ ነው፤ ሲያንስ ጠራቢው ያቺን ቅጥያ ይገድፋል ወይም ትፈነገላለች። በ80 ሳንቲ ሜትር መስመር 26 ገደማ ፊደል ይገባል፣ ለስም ከነአባትና አያት ይበቃል። ሥሩ በ20 ሚሊ ሜትር ቀኑ ቢጻፍ በአንድ ድንጋይ 13 ሰው ያህል ይይዛል። ከበለጡ ሁለተኛ ድንጋይ ይቁም እንጂ ፊደሉ አይነስ።

ከማራኪ፦
ስለ ድንጋዩ ብዙ ተብሏል፤ የሚያጣላን ግን ጽሑፉ ነው። በ1969 እና 1970 ዓ.ም. በኦጋዴን ሰማይ የተዋጉትን ማንም አይከራከርባቸውም። ከዚያ በኋላ የነበረው ጦርነት ግን ወንድም ከወንድም ነበር። ሰኔ 15 ቀን 1980 ዓ.ም. ሐውዜን ገበያ ላይ ከአየር ቦምብ ወርዶ ብዙ ሰላማዊ ሰው አልቋል። የዚያ ሰው ቤተሰብ ጎንደርም ይመጣል፣ ድንጋዩንም ያነባል። «ለማይሞቱ ጀግኖች» ብላችሁ ከጻፋችሁ እነሱን ከውጭ ማቆም ነው። ኮርሱ፣ ስሙ፣ የተወለደበት ዓመት፣ የሞተበት ቀንና ቦታ ይበቃል።

ከአራዳ፦
ይህንን አልቀበልም። አንድ አብራሪ ትእዛዙን የሰጠው እሱ አይደለም፤ በዚያ ገበያ ላይ ያልነበረውን ሁሉ በአንድ ጠርዞ ቅጽል መንፈግ ፍትሕ አይደለም። ቢያንስ «ለሀገራቸው የወደቁ» ይባል።

ከማራኪ፦
«ለሀገራቸው» ሲሉ በግንቦት 1981 ዓ.ም. መፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ሳቢያ የሞቱትና የተረሸኑት ይግቡ ወይስ ይውጡ? የአየር ኃይሉ አዛዥ ሜጀር ጄኔራል አምሐ ደስታ ሕይወታቸው ያለፈው ያኔ ነው። አንዱ «ለሀገር» ይላል፣ ሌላው «ከሃዲ» ይላል። ከዚያው ኮርስ እንዲህ የሞተ ካለ ስሙን ማውጣት አይቻልም፤ አብሮ ሠልጥኗል፣ አብሮ ክንፍ ለብሷል። ቅጽል ከሌለ ሁሉም ይገባል። ቅጽል ካለ ለእያንዳንዱ ስም እንጣላለን።

ከአራዳ፦
የተረሸኑት ይግቡ በሚለው ተስማምቻለሁ። በቅጽሉ ግን ቃሌን አላነሣም፤ ቤተሰቦቹ ይጠየቁ።

ከቁስቋም፦
ቤተሰቡ ሲጠየቅ ስሙ በራሱ እጅ ተጽፎ ይምጣ፤ ኃይለ ሥላሴን በየትኛው ሀ እና በየትኛው ሰ እንደሚጽፍ የሚያውቀው እሱ ነው። ቀኑም ይጣራ። የበረራ መዝገቡ በፈረንጅ ቀን ከሆነ ሁልጊዜ 8 መቀነስ ስሕተት ነው፤ ከመስከረም 1 እስከ ፈረንጅ ዓመት መጨረሻ የሚቀነሰው 7 ነው። ጎንደር ከጣሊያን ነፃ የወጣችበት በፈረንጅ ኖቬምበር 27 ቀን 1941፣ በእኛ ኅዳር 18 ቀን 1934 ነው እንጂ 1933 አይደለም። ዝርዝሩ በወረቀት ታትሞ 3 ወር ለቤተሰብ ይዙር፣ እያንዳንዱ ቤተሰብ ይፈርምበት፣ ከዚያ ይጠረብ።

ከቢሾፍቱ፦
ሌላም ፊርማ ያስፈልጋል። ከኮርሱ ያሉት አርጅተዋል፤ እነሱ ሲያልፉ ንጣፉን የሚጠርግ፣ በየክረምቱ ማግስት ውሃ ልክ ይዞ ድንጋዩ ማዘንበሉን የሚያይ ማን ነው? ቦታው በማዘጋጃ ቤት ካርታ ላይ በመታሰቢያነት ይከለል፣ ተረካቢውም መሥሪያ ቤት በጽሑፍ ይቀበል። ይህ ወረቀት ሳይያዝ ገንዘብ መሰብሰብ አይጀመር።