«ሴሚኖል» በአማርኛ ማን ይባል?

ጥያቄ፦ አሜሪካ፣ ፍሎሪዳ ውስጥ ስላሉት ሴሚኖሎች ስለሚባሉ ነባር ሕዝቦች አንድ ጽሑፍ እየተረጎምኩ ነው። ስማቸው አንዱ ዘንድ «ኮብላይ»፣ ሌላው ዘንድ «የዱር» ተብሎ ተተርጉሟል። የቱን ልያዝ?

መልስ፦ ሁለቱም አልተሳሳቱም፣ ልጄ። ቃሉ ከስፓኒሽ የመጣ ነው፤ ሲማሮን። በካሪቢያን ደሴቶች ከበረት አምልጦ ጫካ የገባ ከብት ሲማሮን ይባል ነበር። ከባርነት ያመለጠ ሰውም በዚሁ ተጠራ። ማስኮጊ የሚባለው የአካባቢው ነባር ቋንቋ ተናጋሪዎች ሲወስዱት በቋንቋቸው የ«ር» ድምፅ የለምና «ሲማሎኒ» አሉት። ቆይቶ «ል» እና «ን» ቦታ ተለዋወጡ፤ «ሲማኖሊ» ሆነ። አይግረምሽ፣ ክብሪትን ክርቢት የሚል ስንት አለ! በማስኮጊ ቃሉ ለሰው ብቻ አይደለም፤ ያልተገራ እንስሳም ሲማኖሊ ነው።

እኔ «ኮብላይ»ን አልወደውም። ኮበለለ ስንል ዓይናችን የቀረው ጥሎት በሄደው ቤት ላይ ነው። ባለቤቱ እየፈለገው ያለ ይመስላል።

ሌላ አባል፦ ጋሼ፣ «ሽፍታ» ቢባልስ? አፄ ቴዎድሮስም ከመንገሣቸው በፊት ሸፍተው ነበር። ስድብ አይደለም።

መልስ፦ ቀርበሃል። ግን ሰው የሚሸፍተው በገዛ መንግሥቱ ላይ ነው። እነዚህ ላይ ግን መንግሥት ነው ቤታቸው ድረስ የመጣባቸው። እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1830 የአሜሪካ ምክር ቤት ነባር ሕዝቦችን ከሚሲሲፒ ወንዝ ማዶ የሚያሰፍር ሕግ አወጣ። ሴሚኖሎች እምቢ አሉ። ከ1835 እስከ 1842 ጦርነት ሆነ፤ ሺዎች ዛሬ ኦክላሆማ ወደሚባለው አገር ተጋዙ። ሌላ ጦርነት ተከትሎ በ1858 ሲያበቃ ፍሎሪዳ ውስጥ የቀሩት ጥቂት መቶ ሰዎች ነበሩ። የገቡትም ኤቨርግሌድስ ነው፤ ሣር የዋጠው፣ መሬቱ ውሃ የሆነ አገር። ቤታቸው ቺኪ ይባላል። አራት ማዕዘን የቆሙ የእንጨት ምሰሶዎች፣ የዘንባባ ቅጠል ክዳን፣ ግድግዳ የለም። መኝታው ከእርጥቡ መሬት ከፍ ተደርጎ የተሠራ ቆጥ ነው። ወታደር መጣ ሲባል ጥለውት ይሄዳሉ፤ ሌላ ቦታ ሌላ ይሠራሉ።

እንግዲህ ይሄን የሚገልጽ ቃል አርበኞቻችን ትተውልናል፦ «ዱር ቤቴ ያለ»። «ቺኪ» ራሱ ቤት ማለት መሆኑን ሳውቅማ የበለጠ ጣመኝ።

ሌላ አባል፦ ከጆርጂያና ከካሮላይና ባርነት አምልጠው አብረዋቸው የኖሩትን ጥቁሮችስ ምን እንበላቸው?

መልስ፦ እነሱማ የቃሉን ሁለቱንም ትርጉም ይዘዋል። ጥቁር ሴሚኖሎች ይባላሉ። የራሳቸው መንደርና የራሳቸው መሪዎች ነበሯቸው፤ አብረውም ተዋግተዋል። ጆን ሆርስ የሚባለው መሪያቸው በ1850 ገደማ ብዙዎቹን ይዞ ሜክሲኮ ተሻገረ። የሚገርመው እዚያ ያገኙት ስም ነው፦ ማስኮጎ። የማስኮጊ ተናጋሪው ስም ከስፓኒሽ፣ የስፓኒሽ ተናጋሪው ስም ከማስኮጊ!

ጠያቂዋ፦ ጋሼ፣ እናመሰግናለን። «ሴሚኖል»ን እንዳለ ትቼ መጀመሪያ ሲመጣ «ዱር ቤቴ ያሉ» የሚል ማብራሪያ አስገባለሁ። የመጨረሻ ጥያቄ፤ ኦሲዮላ የሚለው የሴሚኖሎች ጀግና ስምስ?

መልስ፦ እንግሊዝኛ ያጣመመው ስም ነው፤ ዋናው «አሲ ያሆላ» ነው። አሲ በሥርዓት ጊዜ የሚጠጣ፣ ከቅጠል የሚፈላ ጥቁር መጠጥ ነው። ያሆላ መጠጡ ሲቀርብ የሚሰማው ረጅም ጩኸት ነው። ሰውየው በ1837 ለድርድር ብሎ በነጭ ባንዲራ ሥር ሲመጣ የአሜሪካ ወታደሮች ያዙት፤ በጥር 1838 እስር ላይ እያለ ሞተ። ስሙን «ኦሲዮላ» ብለሽ ጻፊው፣ ሰው የለመደው እሱን ነው።