በጠጣር ዕጢ የጥምር መድኃኒት ሙከራ፦ ውጤቱ የየትኛው መድኃኒት እንደሆነ በምን ይታወቃል?

ሬዚደንት፦
ሰላም ለሁላችሁ። ለጆርናል ክለብ የማቀርበው ጥናት ላይ ፈቃድ ላለው የፒዲ-1 መድኃኒት (የሰውነት መከላከያ ካንሰሩን እንዲያጠቃ የሚያደርግ ኢሚውኖቴራፒ) አዲስ ክኒን ተጨምሮ ለሜላኖማ (የቆዳ ካንሰር ዓይነት) ታማሚዎች ተሰጥቷል። ማነጻጸሪያ ቡድን የለም፤ ከግማሽ በላይ በሚሆኑት ዕጢው ቀንሷል ይላል። ይህ የክኒኑ ሥራ ነው ለማለት ይበቃል? ደግሞስ ሁለቱም መድኃኒቶች ለየብቻ የታወቀ መጠን እያላቸው ፌዝ 1 (ደኅንነትንና መጠንን የሚፈትሸው የመጀመሪያ ሙከራ) ለምን ዝቅ ካለ መጠን ይጀምራል?

ባዮስታት፦
አይበቃም፣ ዶክተር። ፒዲ-1 ብቻውን ከሦስት የሜላኖማ ታማሚ በአንዱ ገደማ ዕጢውን ይቀንሳል፤ አቅማቸው ደህና የሆኑ ጥቂት ሰዎች ተመርጠው ሲገቡ ቁጥሩ ከፍ ማለቱ አይገርምም። ኢፓካዶስታት የተባለው ክኒን ከፔምብሮሊዙማብ (የፒዲ-1 መድኃኒት) ጋር መጀመሪያ ላይ እንዲሁ አጓጊ ነበር። 706 ታማሚዎች በዕጣ ተከፍለው ሲታይ ግን (ውጤቱ የወጣው በ2018 እ.ኤ.አ. ነው) በሽታው ሳይገፋ የቆየበት መካከለኛ ጊዜ ከክኒኑ ጋር 4.7 ወር፣ ከባዶ ክኒን ጋር 4.9 ወር ሆነ።

አንዱ መድኃኒት ከተፈቀደ፣ ቢያንስ ጥምሩን ከእርሱና ከባዶ ክኒን ጋር ማነጻጸር ግድ ነው። አዲሱ ብቻውንም የሚሠራ ከሆነ ሦስተኛ ቡድን ይጨመራል። ቼክሜት 067 የተባለው የሜላኖማ ሙከራ ሦስት ቡድንና 945 ታማሚዎች ነበሩት፤ በሽታው ሳይገፋ የቆየበት መካከለኛ ጊዜ፦ ኒቮሉማብ (የፒዲ-1 መድኃኒት) እና ኢፒሊሙማብ (ሌላ ኢሚውኖቴራፒ) አብረው 11.5 ወር፣ ኒቮሉማብ ብቻ 6.9፣ ኢፒሊሙማብ ብቻ 2.9። የናሙናው ብዛት ግን ጥምሩን ከኒቮሉማብ ጋር በይፋ ለማነጻጸር አልተሰላም፤ አቅራቢዎች ይህን ይዘሉታል።

ደግሞ ጥምሩ የተሻለው አንዱ መድኃኒት ለአንዳንዶች፣ ሌላው ለሌሎች ስለሠራ ብቻ ሊሆን ይችላል። ለታማሚው ጥቅም ነው፤ መድኃኒቶቹ እርስ በርስ ይደጋገፋሉ ለማለት ግን ማስረጃ አይሆንም።

የሙከራ ፋርማሲ፦
መጠኑን በተመለከተ ቬሙራፌኒብ (የሜላኖማ ክኒን) እና ኢፒሊሙማብ አንድ ላይ የተሰጡበትን ሙከራ ይመልከቱ። ቬሙራፌኒብ 960 ሚ.ግ በቀን ሁለቴ፣ ኢፒሊሙማብ 3 ሚ.ግ በኪሎ፣ ሁለቱም በተፈቀደላቸው መጠን ተሰጡ። ከመጀመሪያዎቹ 6 ታማሚዎች በ4ቱ የጉበት ኢንዛይም እስከ ደረጃ 3 (ከባድ) ከፍ አለ። ቬሙራፌኒቡ ወደ 720 ቢወርድም የጉበቱ ችግር ስለቀጠለ ሙከራው ተዘጋ።

መጠን ደረጃ በደረጃ በሚፈተሽበት የ3+3 አሠራር በየመጠኑ ሦስት ሰው ይገባል። ማንም መጠን የሚገድብ ጉዳት ካልገጠመው መጠኑ ይጨመራል፤ አንድ ሰው ከገጠመው በዚያው መጠን ሦስት ሰው ይታከላል፤ ሁለት ከሆኑ ማሳደጉ ይቆማል። በአንድ እርምጃ የአንዱን መድኃኒት መጠን ብቻ አሳድጉ፤ ሁለቱንም ካነሣችሁ ጥፋቱ የማን እንደሆነ መለየት ያስቸግራል። 21 ወይም 28 ቀን የሆነው የመታዘቢያ ጊዜ ለኢሚውኖቴራፒ አጭር ነው፤ የአንጀትና የጉበት ብግነት ከወራት በኋላም ይመጣል።

የመጠን ክፍፍሉም ለውጥ ያመጣል። ቼክሜት 511 በተባለው ሙከራ ኒቮሉማብ 1 ከኢፒሊሙማብ 3 ጋር (ሚ.ግ በኪሎ) ሲሰጥ ከባድ ጉዳት በ48 በመቶው ታየ፤ ኒቮሉማብ 3፣ ኢፒሊሙማብ 1 ሲሆን በ34 በመቶው።

ሬዚደንት፦
እግዜር ይስጥልኝ። አንድ ልጨምር፦ የዕጢዎች ድምር ከ100 ሚ.ሜ ወደ 60 ወርዶ አሁን 74 የሆነ ታማሚ «ገፍቷል» ተብሎ ተመዝግቧል። ከመነሻው ያነሰ አይደለም እንዴ?

ራዲዮሎጂ፦
ምዝገባው ትክክል ነው። በሬሲስት 1.1 (የዕጢን ለውጥ በምስል የመለኪያ ደንብ) መቀነስ (30 በመቶ) የሚለካው ከመነሻው ነው፤ መግፋት ግን ከታየው ዝቅተኛ ድምር፣ 20 በመቶ እና ቢያንስ 5 ሚ.ሜ ሲያድግ። ከ60 ወደ 74 ማለት 23 በመቶ፣ 14 ሚ.ሜ ነው። በአይሬሲስት (ለኢሚውኖቴራፒ የተስተካከለው ደንብ) ከሆነ ግን ከ4 እስከ 8 ሳምንት ባለው ጊዜ ዳግም ምስል ተነሥቶ መረጋገጥ አለበት።

ስሕተት የሚበዛው ዒላማ (የሚለካው ዕጢ) ሲመረጥ ነው፦ በጠቅላላው ከ5፣ ከአንድ የአካል ክፍል ከ2 አይበልጥም፤ ሊምፍ ኖድ በአጭሩ ስፋቱ ይለካል፣ ዒላማ ለመሆን ቢያንስ 15 ሚ.ሜ። የሲቲ ቀጠሮውንም እዩ። አንዱ ቡድን በየ6 ሳምንቱ፣ ሌላው በየ9 ሳምንቱ ከተነሣ፣ በሽታው እኩል ቢገፋም ዘግይቶ የሚነሣው ቡድን የተሻለ ይመስላል።