ለ11 ስፖርተኞች ጽፌ የመለሱልኝ 2 ብቻ ናቸው፣ ምን አጠፋሁ?

ጀማሪው
ሰላም ለሁላችሁ። በዚህ ነገር ከተለከፍኩ ስምንት ወር ሆነኝ። ለ11 ስፖርተኞች በፖስታ ጽፌ ፊርማ ጠየቅኩ። አብዛኞቹ ውጭ አገር ያሉ እግር ኳስ ተጫዋቾች ናቸው፣ አንዱ ግን ጫማ ከሰቀለ ቆይቷል። እስካሁን የመጡት ሁለት ናቸው። አንዱ ከዚሁ ከጡረተኛው ነው፣ ስሜን ሳይቀር በእጁ ጽፎ ነው የላከልኝ፣ የዚያን ቀን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ሁለተኛው ከክለብ የመጣ ካርድ ነው፣ ፊርማው ግን የታተመ ይመስለኛል። የቀሩት ዘጠኙ ድምፃቸው የለም። የላክሁት አንድ ገጽ ሙሉ ደብዳቤ፣ ሦስት ሦስት ፎቶ፣ እና አድራሻዬ ተጽፎበት ቴምብር የተለጠፈበት የመመለሻ ፖስታ ነው። የት ነው የተሳሳትኩት? ወይስ የዕድል ጉዳይ ነው?

ቴምብር ሰብሳቢ
ቆይ፣ በመመለሻው ፖስታ ላይ የለጠፍከው ቴምብር የየት አገር ነው?

ጀማሪው
ከምኖርበት አገር ፖስታ ቤት ነው የገዛሁት። ምነው?

ቴምብር ሰብሳቢ
በቃ፣ ተገኘ። ወንድሜ፣ ቴምብር የሚሠራው ባወጣው አገር ብቻ ነው። ሰውየው ፈርሞ ፖስታ ሣጥን ውስጥ ቢጥልልህ እንኳ እዚያው ወድቆ ይቀራል። መልሱ የሚነሳበትን አገር ቴምብር ነው መለጠፍ ያለብህ። ለአሜሪካ ከሆነ ክብ የሆነ «ግሎባል ፎርኤቨር» የሚባል ቴምብር አለ፣ እስከ 1 አውንስ፣ ማለትም 28 ግራም ገደማ የሆነ ደብዳቤ ወደ ውጭ ያደርሳል። ግን ውስጡ ወፍራም ካርቶን ካስገባህ ፖስታው በፖስታ ቤቱ መለያ ማሽን ውስጥ አይታጠፍም፣ ተጨማሪ ያስከፍላል። ለእንግሊዝ ደግሞ ድሮ ከሰው ያገኘኸውን የንግሥቲቱን ምስል የያዘ ተራ ቴምብር እንዳትለጥፍ። ባርኮድ የሌለው ተራ ቴምብር ከ2023 አጋማሽ ወዲህ አይሠራም፣ ባለ ሥዕሎቹ የመታሰቢያ ቴምብሮች ግን አሁንም ይሠራሉ።

ድሮ ዓለም አቀፍ የመልስ ኩፖን የሚባል መፍትሔ ነበር። ከ1907 ጀምሮ ነው፣ ገዝተህ ትልካለህ፣ ተቀባዩ በአገሩ ቴምብር ይቀይረዋል። ቻርልስ ፖንዚ በ1920 ቦስተን ውስጥ ያን ሁሉ ሰው ያጭበረበረው በዚሁ ኩፖን ስም ነው፣ ትርፍ አለው እያለ። አሁን ብዙ ፖስታ ቤት አይሸጠውም፣ አሜሪካ በ2013 አቁማለች። ደግሞ እውነቱን እንነጋገር፣ የትኛው ተጫዋች ነው ኩፖን ይዞ ፖስታ ቤት የሚሰለፈው?

ማርከሯ
ስለ ቴምብሩ የተባለው ልክ ነው፣ እኔን ግን ያሳሰበኝ አንድ ገጽ ሙሉ ደብዳቤው ነው። ምን ጻፍክ? «የዓለም ምርጡ ተጫዋች ነህ፣ ከልጅነቴ ጀምሮ...» ብለህ ለ11ዱም አንድ ዓይነት ከሆነ ያስታውቃል። እኔ በእጄ ነው የምጽፈው፣ ከስድስት መስመር አላስበልጥም። ማን እንደሆንኩ አንድ መስመር፣ ከእሱ ጨዋታ ያልረሳሁት አንድ ነገር፣ ከዚያ ጥያቄው፣ ከዚያ ምስጋና። ያልረሳሁት የምለው ጎል ብቻ አይደለም። አንድ ጊዜ ለአንድ በረኛ ያዳነውን ኳስ ትቼ፣ ቡድኑ ከተሸነፈ በኋላ ሄዶ የተጋጣሚውን ወጣት በረኛ እንዳቀፈ ጻፍኩለት፣ ከፎቶው ጋር ሁለት መስመር መልስ መጣ። ስምህንም በትልቁና በግልጽ ጻፍ፣ አለበለዚያ በምን አንብቦ ይጽፍልሃል?

ሦስት ፎቶ ደግሞ በዛ። ሻጭ ያስመስልሃል። ቢበዛ ሁለት፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ አንድ። ጀርባው ፈካ ያለ ፎቶ ምረጥ፣ ጥቁር ማሊያ ላይ በጥቁር ማርከር ቢፈርም ምን ይታያል? የሚያብለጨልጭ ካርድ ከሆነ ቀለሙ እንዳይንሸራተት ፊቱን በሕፃናት ፓውደር በስሱ አሸት አሸት አድርጌ እጠርገዋለሁ። ቢጠፋ የሚያስለቅስህን ነገር ደግሞ በፍጹም አትላክ። አንድ ብርቅ ካርዴ ከሄደ አራት ዓመቱ ነው፣ እስካሁን አልተመለሰም 😭

አሮጌ ቤዝቦል
ስለ ታተመው ልንገርህ። አጉሊ መነጽር ካለህ ፊርማውን በእሱ እየው። ጥቃቅን ነጠብጣብ ከሆነ ኅትመት ነው። ብዙ የጀርመን ክለቦች የተጫዋቾቻቸውን የፊርማ ካርድ አሳትመው ለደጋፊ በነፃ ይልካሉ፣ አንዳንዱ ላይ ፊርማው አብሮ የታተመ ነው፣ ማታለልም አይደለም። ማሽን ብዕር ይዞ የፈረመው ይለያል፣ እሱ እውነተኛ ቀለም ነው። የአንድ ሰው ሁለት ፊርማ ካገኘህ ደራርበህ መብራት ላይ ያዛቸው፣ ልክክ ካሉ ማሽን ነው። ሰው ሁለት ጊዜ አንድ ዓይነት አይፈርምም።

ጡረተኞች ላይ አተኩር፣ ይኸው አንተም አይተኸዋል። አሁን የሚጫወተው በሳምንት ስንት ደብዳቤ እንደሚደርሰው አስብ። ለእሱ ከጻፍክም ውድድሩ ሲጦፍ ሳይሆን ከመጀመሩ በፊት ልምምድ ላይ እያሉ ላክ። ከድሮዎቹ እኔ የምወደው የአሜሪካ ቤዝቦል ተጫዋቹን ሃርመን ኪልብሩን ነው፣ 573 ሆም ራን (ኳሱን ከሜዳው አጥር ውጭ የሚጥል ምት) የመታ ሰው። ወጣት ተጫዋቾችን «ስማችሁ እንዲነበብ አድርጋችሁ ፈርሙ» እያለ ይመክር ነበር፣ ፊርማውም እንደ ተማሪ ደብተር ጥርት ያለ ነው። የዛሬዎቹ አንድ ጭረት አድርገው ያልፉሃል።

ዝምተኛው
አንድ ነገር ልጨምር። የሰው ቤት አድራሻ ከየትም ፈልጋችሁ አትላኩ። በክለቡ ወይም በፌዴሬሽኑ በኩል ላኩ። አትሌቱ ራሱ የደጋፊ ፖስታ መቀበያ አድራሻ ካወጣ እሱን ተጠቀሙ። ቤቱ ድረስ ሲመጣበት የሚደነግጥ አለ፣ ልጆች አሉት፣ ሚስት አለችው። አይ ካላችሁ «ለምን አልመለሰም» ብላችሁ አትውቀሱት።

ጀማሪው
አጉሊ መነጽር ከጎረቤት ተውሼ አየሁት። ነጠብጣብ ነው 😂 እሱን እንደ ፖስተር እለጥፈዋለሁ። ደብዳቤውን በተመለከተ ማርከሯ ነቅታብኛለች፣ ለ11ዱም አንድ ዓይነት ነው፣ እንዲያውም አንዱ ላይ የሌላውን ክለብ ስም ሳልቀይር ልኬዋለሁ መሰለኝ። ለዘጠኙ በአንዴ አልጽፍም፣ ከሁለቱ ልጀምር። ለጡረተኛው ግን የምስጋና ደብዳቤ ብልክለት ያስቸግረው ይሆን?

ማርከሯ
ላክለት እንጂ! ፎቶም የመመለሻ ፖስታም አትጨምርበት ብቻ። ሌላ ፊርማ ፈልጎ ነው እንዳይል።